አዝለን የተማርነው ባሌት

በእኔ ልጅነት የጂንካ ሕፃን መሬት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በወሬ ነበር። ከእናቱ ሆድ ወጥቶ እህቱ ጀርባ ላይ ይሳፈራል፤ ከዚያ የሚወርደው ወይ ጡት ሲያምረው፣ ወይ ቦታውን የሚወርስ ታናሽ ሲወለድ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወንድሜን ማዘል የጀመርኩት በስድስት ዓመቴ ነው። ሁለተኛውን በስምንት ዓመቴ ተረከብኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ዐሥራ አንድ ሞልቶኝ ስለነበር ራሴን እንደ ነባር የጭነት መኪና ሹፌር እቆጥር ነበር። ጭነቱም የዋዛ አልነበረም፤ ያ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ግማሽ ኩንታል ይመዝን ነበር። አጋነነች የሚል ካለ እናቴ በሕይወት አለች፣ ሄዶ ይጠይቃት፤ "የለም፣ ከዚያም ይበልጥ ነበር" ትለዋለች። ማጋነን በእኛ ቤት በዘር የሚወረስ ነው።

እናቴ ገበያው አጠገብ ቦርዴ ጠምቃ ትሸጥ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ እጇ ወይ ድፍድፍ ውስጥ ነው፣ ወይ እሳት ላይ። አባቴ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ነበር። የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ከተማው መሐል ነው፤ ሣር የለበሰ፣ ለከብት የተመቸ፣ ለአውሮፕላን ደግሞ እንደ ዕድሉ። የአባቴ ሥራ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከብቶቹን ማባረር፣ አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲነሣ ደግሞ ከብቶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አይቶ እንዳላየ መሆን ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሁሉ "ጓድ" ተብሏል፤ በድሮ ስማቸው የሚጠሩት ከብቶቹ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲመጣ ወሬውን የጀመረው ገና ደጅ ላይ ሆኖ ነው።

"ዛሬ ከአውሮፕላኑ አንዲት ወጣት ወረደች። ከአዲስ አበባ። ቁመናዋ ሸንበቆ ነው። አረማመዷ ግን..." አለና ሁለት እግሮቹን ወደ ውጭ ከፍቶ እንደ ዳክዬ ተራመደልን።

"ውይ!" አለች እናቴ። "ምን ሆና ነው?"

"እንጃ። ለባህል ክፍል ተመድባ ነው አሉ። ኪነት አሠልጣኝ ናት።"

"በዚያ እግሯ?"

እናቴ ለሰው የምታዝነው በምግብ ነው። በማግስቱ የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች የሚመስለውን ሥር፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አስያዘችኝና "ሂጂ፣ ለዚያች ለታመመችው ልጅ አድርሺላት" አለችኝ። ወንድሜን ከኋላ፣ ቦዬውን ከፊት አድርጌ ሄድኩ።

የተከራየችው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። አንገቴን ሳስገባ ሴትዮዋ አንድ እግሯን መስኮቱ ላይ ሰቅላ፣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ቆማለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላት ነው።

"እግዜር ይማርዎት" አልኳት።

ቀና አለች። እግሯን ግን አላወረደችም። "ማንን?"

"እርስዎን ነዋ! እናቴ ቦዬ ልካለች። እግር ያቃናል።" የመጨረሻዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት።

እንዴት እንደሳቀች! እግሯ ከመስኮቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ባሌት የሚባል ዳንስ ውጭ አገር ሄዳ ሰባት ዓመት ተምራለች፤ አረማመዷም ከዚያ የመጣ ነው።

"ሰባት ዓመት ተምረው እንደ ዳክዬ?" አልኳት።

ይህን ብዬ በጥፊ አለመመታቴ ሴትዮዋ ልዩ ፍጥረት መሆኗን ነገረኝ። በእኛ ሰፈር ከዚህ ባነሰ ነገር ጆሮ ይቆነጠጣል። ቦዬውን እየላጠች ትበላለች፣ እኔን ታየኛለች።

"ለምንድን ነው በአንድ እግርሽ የቆምሽው?"

"ቁንጫ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን ያዘለች ልጅ ሁለት እጇ የሚውለው ከኋላዋ የልጁን ቂጥ ደግፎ ነው። ቁንጫ ሲነክሳት በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው ታካለች። በዚህ የተነሣ የከተማችን ሴት ልጆች ሁሉ በአንድ እግር በመቆም የተመረቁ ነበሩ።

"እስቲ እንደዚያው ሆነሽ ቆዪ" አለችኝ።

ቆየሁ። አንድ ቦዬ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ጨረሰች፣ ሦስተኛውን ጀመረች፤ እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ወንድሜ እንቅልፍ ወስዶት ያንኮራፋል።

"እኔ ይህን ለመቻል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል" አለች።

"እርስዎ የተማሩበት አገር ቁንጫ የለማ።"

የቀበሌው አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰጣት። ሊቀመንበሩ የሰጧት የሰልፍ መዝሙር ታስተምራለች ብለው ነው። እሷ ግን በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ የዳንስ ትምህርት፣ ለማንኛውም ልጅ፣ ያለ ክፍያ። ለማንኛውም ልጅ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ውስጥ የገቡት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልጆች ነበሩ፤ ካልሲ ያላቸው፣ ጸጉራቸው በሪባን የታሰረ። እኛ ደግሞ መስኮት ላይ ነን። አንድ መስኮት ላይ ስድስት ሰባት የሴት ልጅ ራስ፣ ከእያንዳንዱ ራስ ጀርባ ደግሞ አንድ ትንሽ ራስ። ከውስጥ ሲያዩን ሁለት ረድፍ የተደረደረ ቅል ሳንመስል አልቀረንም።

ቲቸር ወጥታ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁላችንም ቲቸር ነው ያልናት።

"ለምን አትገቡም?"

"ሕፃን አለን" አልን በአንድ ድምፅ።

"አውርዱትና ግቡዋ!"

እርስ በርስ ተያየን። "የት?" አለች አንዷ።

ቲቸር ወደ አዳራሹ ወለል አየች፤ አፈር ነው፣ ያውም እርጥብ። ወደ ሰፈሩ አየች፤ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ እናቶች ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ወደ ለጠፈችው ወረቀት አየች።

"ያለ ክፍያ ብዬ ጽፌ ነበር" አለች ለራሷ እንደምታወራ። "ለካስ ክፍያው ጀርባችሁ ላይ ነው።" ጥቂት አሰበችና "እንግዲያው እንዳዘላችሁ ግቡ" አለች።

ገባን። በዓለም ላይ በመጀመሪያው ትምህርት ሃያ ሦስት ተማሪ ከነሕፃኑ የተመዘገበበት የባሌት ቤት ሌላ ካለ ንገሩኝ፣ ሄጄ እጅ እነሣለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ድፍድፉን እያማሰለች ጠየቀችኝ።

"ምንድን ነው የምትማሩት?"

"እግር ማንሣት።"

"ከዚያስ?"

"ማውረድ።"

ማማሰሏን አቆመች። "እንጨቱን ማን ይለቅማል ታዲያ? እግርሽ አየር ላይ ሆኖ?"

"ከትምህርት ቤት በፊት እለቅማለሁ እማ።"

"ልጁስ?"

"አብሮኝ ይማራል።"

ይህኔ ፊቷ በራ። "ልጁን ይዘሽ ከሄድሽማ እግርሽን ጣራ ላይ ስቀይው" አለችና ወደ ድፍድፏ ተመለሰች።

ውጭ አገር ባሌት የሚማር ልጅ የሚይዘው የብረት መደገፊያ አለ አለችን ቲቸር። እኛ የባሕር ዛፍ አጠና ከግድግዳው ጋር በሚስማር መታን። ልጡ በደንብ ስላልተላጠ እጃችን ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር፤ አንዷማ ተጣብቃ ቀርታ በሦስተኛው ቀን ነው ያላቀቅናት። ወለሉን በየሳምንቱ እበት ከጭቃ ጋር አቡክተን እንለቀልቃለን፤ ሲደርቅ ከእንጨት ወለል አያንስም። ለጫማ የተቀደደ የጭነት መኪና ሸራ ተገኘ። ገበያ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ በነጻ ሰፋልን፤ ውስጡን በእንሰት ቃጫ ጠቀጠቅነው። ጣታችን ጫፍ ላይ መቆም ግን ከለከለችን። "አጥንታችሁ ገና ነው" ትላለች። ለሙዚቃው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበራት፤ ፒያኖ ብቻ የተቀዳበት። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። እርጥብ ወር ሲሆን ፒያኖው እንደ ሽማግሌ ያዘግማል፤ እኛም ከእሱ ጋር እናዘግማለን።

እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የፈረንጅ ስም ነበረው። እኛ የራሳችንን አወጣንለት። ጉልበት ወደ ጎን ከፍቶ ዝቅ ማለት "እንቁራሪት" ሆነ። እግርን መሬት ለመሬት አንሸራትቶ መዘርጋት "ጭቃ ፈራሁ" ተባለ። በአንድ እግር ቆሞ እጅን መዘርጋት፣ ይህ ዋናው ነው፣ "ዝናብ ያገኛት ዶሮ" ተባለ። ቲቸር መጀመሪያ ታርመን ነበር። በሁለተኛው ወር ራሷ "ልጆች፣ አሁን ዶሮዋን!" ማለት ጀመረች።

እጅ መዘርጋት ስንጀምር ሕፃኑን በነጠላ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። መዝለል የሚባለውን ትምህርት ግን ለከርሞ አሳደርነው፤ "አንድ ሕፃን ቢወድቅ እኔ ወህኒ እወርዳለሁ" አለች ቲቸር። ከመሥሪያ ቤት ልጆች አብዛኞቹ የሽንቱን ሽታ ሸሽተው ቀሩ፤ ሁለቱ ግን ጸኑ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሕፃናቱስ? ሕፃናቱ ወደዱት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሲባል ከጀርባችን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ይላሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሾቹ ይተኛሉ፤ ያልተኙት እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ወንድሜ ቤት ውስጥ ሲያለቅስ እናቴ እያወዛወዘች እኔ የማንጎራጉረውን ቁጥር ትቆጥርለት ጀመር። እስከ ስምንት ሳይቆጠርለት እንቅልፍ እምቢ አለ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚሁ ሆነ።

ስድስት ወር ያህል እንዲህ ከሄድን በኋላ ሊቀመንበሩ ሊጎበኙን መጡ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሰው ነበሩ። ካኪያቸው በካውያ የተተኮሰው እሳቸው ውስጡ እያሉ ይመስል ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩን። እኛ እንቁራሪት ላይ ነበርን።

"ጓድ አሠልጣኝ፣ ይኼ ምንድን ነው? ሕፃናት ማቆያ ነው ወይስ ኪነት?"

"ሁለቱም ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሰልፉስ የታለ?"

"እግራቸውን እያነሡ ነው።"

"ሰልፍ ላይ እግር ያነሣ ወደ ፊት ይሄዳል። እነዚህ አንሥተው፣ አንሥተው፣ እዚያው ናቸው!" ጣታቸውን ወለሉ ላይ ወዳለ እርጥብ ቦታ ቀሰሩ። "ይሄስ?"

"እሱ..." አለች ቲቸር፣ "አንድ ተማሪ ነው።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንዲህ ይሁን። በአብዮት በዓል ቀን እዚሁ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ታቀርባላችሁ። ሕዝቡ በቁም ነገር ካየው አዳራሹ የእናንተ ነው። ከሳቀበት ግን ማዳበሪያ አስገባበታለሁ። መጋዘን ጠቦኛል።"

ወጡ። ቲቸር "በሉ፣ ቀጥሉ፣ አንገት! አንገት!" አለችን።

አሁን የምለውን ሳላጋንን ነው የምለው። ፈራሁ። ያን ጊዜ የእኔ ስም ቀኑን ሙሉ ሲጠራ የሚውለው ለአምጪና ለውሰጂ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ "አንገትሽ ግሩም ነው" ይለኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜው ስዞር አንገቴ ግሩም መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ያ ክፍል የማዳበሪያ ከረጢት ሊሞላበት ነው ብዬ ሳስብ እህል የምወቅጥበት ዘነዘና ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ለበዓሉ ዐሥራ አምስት ልጆች ተመረጥን፤ ዐሥራ ሦስታችን ባለ ሕፃን፣ ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ልጆች። ከአቡጀዲ ነጭ ቀሚስ ተሰፋልን። ቲቸር አንድ ነገር ወሰነች፤ ለዝግጅቱ ሕፃን የለም። "እናቶች ለሩብ ሰዓት ይይዙላችኋል። ሕዝብ እንዳይስቅ። ዋናው እንዳይስቁ ነው።" በበዓሉ ዋዜማ እናቶቻችን ለልምምዱ ብለው መጡና ሕፃናቱን ተቀብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ቴፑ ተከፈተ። "ዶሮዋን!" አለች ቲቸር።

ዐሥራ ሦስታችን እግራችንን አነሣን፤ ዐሥራ ሦስታችንም ባንድ ላይ፣ ማጭድ እንደበላው ማሽላ፣ ወደ ፊት በአፍንጫችን ተደፋን።

ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ልጆች ብቻ ቆመው ቀሩ። ዞር ዞር ብለው አዩንና ደግነታቸው ሆኖ እነሱም ወደቁ።

ተነሣን። እንደገና ሞከርን። እንደገና በአፍንጫ። ሦስተኛው ላይ የአንዷ አፍንጫ ደማ። ጀርባችን ቀለለን፤ ሰውነታችን ግን ያ ሸክም አለ ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስድስት ወር ሙሉ የተማርነው ሚዛን የሁለት ሰው ሚዛን ነበር።

ቲቸር ግንባሯን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "ሰባት ዓመት ስማር ማንም አላስጠነቀቀኝም።" መሳቅም ማልቀስም ያማራት ትመስል ነበር።

"አሸዋ በከረጢት እንዘል?" አልኩ እኔ።

ሞከርነው። አሸዋ ግን ደደብ ነው። ሕፃኑ እኛ ወደ ግራ ስንል ወደ ግራ ይላል፣ ዝቅ ስንል ትንፋሹን ይይዛል፤ አሸዋው ዝም ብሎ ይጎትተናል። ለካስ ዳንሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይባስ ብሎ ወንድሜ የእሱን ቦታ ከረጢት ይዞት ሲያይ አግዳሚው ላይ ሆኖ ያሰማው ጩኸት ጎረቤት ከተማ ገዘር ድረስ ተሰምቷል፤ ገዘር ያሉ ዘመዶቻችን "ማን ሞተ?" ብለው መልእክት ልከዋል።

ቲቸር ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ወደ በሩ፣ ማዳበሪያው ነገ ተነገወዲያ ሊገባበት ወደሚችለው በር አየች።

"ሕፃናቱ ይግቡ" አለች። "የሚስቅ ይሳቅ።"

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሊቀመንበሩ ከአውራጃ ከመጡ እንግዶች ጋር ፊት ረድፍ ላይ ናቸው። ንግግር ተደረገ፣ መፈክር ተባለ፣ ጎልማሶቹ ዘፈኑ። ከዚያ እኛ ገባን። ዐሥራ ሦስት ነጭ ቀሚስ፣ ዐሥራ ሦስት የታዘለ ሕፃን፣ መሐላችን ደግሞ ሁለቱ ባዶ ጀርባዎች፤ ከእኛ አጠገብ ሲታዩ ልብሳቸውን የረሱ መሰሉ።

ዝም አለ ሕዝቡ። ፒያኖው ጀመረ። እንቁራሪት። ጸጥታ። ጭቃ ፈራሁ። ጸጥታ። ልቤ ከፍ አለ። የሊቀመንበሩን ፊት ሰርቄ አየሁ፤ ጆሯቸውን አቁመው ሳቅ ይጠብቃሉ።

ከዚያ እጃችንን ዘረጋን፤ ሕፃናቱም ዘረጉ።

ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ስድስት ወር ከትከሻችን በላይ ሲያዩን ከርመዋል። ወንድሜ እንዲያውም ከእኔ ቀድሞ ነው የዘረጋው፤ ሁልጊዜም ችኩል ነው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ኧረ ታችና ላይ ሆነው ነው የሚጨፍሩት!" ሲሉ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ጣራ ተንቀጠቀጠ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቁም፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሚስቀውን ሰው ያያሉ።

አለቀልን አልኩ። በዚያ ላይ ቴፑ ማዝገም ጀመረ፤ ድንጋዩ ደከመ። ፒያኖው አንድ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ሙዚቃ የለም፣ ሳቅ ብቻ፣ እኛ ደግሞ በአንድ እግራችን።

"አራት" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ነው። "አምስት" አለች የጎረቤታችን ሴት። "ስድስት" አሉ ሌሎች እናቶች። ልጅ የሚያስተኙበትን ቁጥር እኮ ከእኛ እኩል ያውቁታል። ስምንት ሲደርሱ ከአንድ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ዙር አዳራሹ ሁሉ መቁጠር ያዘ። የሚስቀው እየሳቀ ይቆጥራል። እኛም ቀጠልን፣ ዞርን፣ ዘረጋን፤ መጨረሻው ዶሮዋ ላይ ደረስን፤ እስከ ስምንት መቆም ነው።

አምስት ላይ ጀርባዬ ሞቀኝ። ወንድሜ ነው። ሙቀቱ ከወገቤ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ተረከዜ ወረደ። የሸራ ጫማዬ ጠጣው። ስድስት። አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ሰባት። ስምንት።

ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የጂንካ ከብት ሁሉ አውሮፕላን መጣ ብሎ ከሜዳው ሸሽቷል።

ሊቀመንበሩ ብድግ አሉ። እጃቸውን ሲያነሡ ሁሉም ጸጥ አለ።

"ጓዶች፣ ከአሠልጣኟ ጋር ስምምነት ነበረን። ሕዝቡ ስቋል። ስለዚህ..."

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዴ ይፍቀዱልኝ።"

እናቴ ቆማለች። እናቴ ከቦርዴ ቤቷ ውጭ ሰው ፊት ስትናገር አይቼ አላውቅም። ሻሿን አጠበቀች።

"ማዳበሪያውን ያስገቡ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው። ግን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ልጆቹን እርስዎ ያዝሉልናል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ "እኔ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ! እኔ ስድስት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን እጄ ነጻ ሆኖ ሠርቻለሁ። ይህ አዳራሽ ሲዘጋ ልጁ ወደ እኔ አይመለስም። ወደዘጋው ሰው ነው የሚሄደው።"

"እውነት ነው!" አለች ሌላዋ፣ ወደ መድረኩ ሄዳ ከልጇ ጀርባ ሕፃኑን ፈትታ አመጣችና ሊቀመንበሩ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛዋ ተከተለች። ሦስተኛዋም። እምቢ እንዳይሉ ሕዝብ ያያል፤ እንዳይነሡ ሕፃናቱ ይወድቃሉ። በተተኮሰው ካኪ ላይ ሦስት ሕፃን ተቀመጠ፤ አንዱ ቀና ብሎ አያቸውና እጁን ቀስ አድርጎ፣ በሥነ ሥርዓት፣ ወደ ጎን ዘረጋ። አንገቱም ልክ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከንፈራቸውን ነከሱ። ጉንጫቸው ተነፋ። ከዚያ ያ ረጅም ድምፃቸው ሳቅ ሆኖ ወጣ፤ ከውጭ ያሉት ጡሩምባ መስሏቸው ነበር።

"በቃ፣ በቃ! ውሰዱልኝ! ለማዳበሪያው ሌላ ቤት ይፈለጋል!"

ቲቸር መድረኩ ጥግ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እንደገና በአንድ እግሬ ቆምኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴን ጠየቅኳት። "እማ፣ ወደድሽው?"

"እግር ማንሣቱን?" ወንድሜን ከእኔ ተቀብላ፣ እንደ መቼውም ሳይሆን፣ ራሷ አዝላው ነበር። "እሱ ለምን እንደሚጠቅም ዛሬም አልገባኝም።" ጥቂት ተራመደች። "ስምንት እስኪሞላ ስትቆሚ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር። እንዳትወድቂብኝ ብዬ።" እኔ ያችን ቃል ተሸክሜ ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ይህኛውም ማጋነን አይደለም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ስንደርስ በሩ በሰልፍ ተዘግቷል። ከገበያው ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከላይ ከደጋው መንገድ ሳይቀር የመጡ ልጆች ናቸው። ሁሉም ሕፃን አዝለዋል። ቲቸር ደስ ብሏት እየመዘገበች ሳለ አንዲት ልጅ የምታዝለው ሕፃን ከእሷ ብዙም እንደማያንስ አየች። ሌላዋ የያዘችውን ሕፃን ስም ስትጠየቅ "ቆይ ልጠይቅ" ብላ ሮጠች። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። በበዓሉ ቀን ያየው ሁሉ ሕፃን የሌለው አይመዘገብም ብሎ ደምድሟል፤ ታናሽ የሌላቸው ከጎረቤት ተበድረው ነው የመጡት። ሕፃናታቸውን ያበደሩ እናቶችንም ማንም አላስገደዳቸውም።

የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሰባት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ አለች። ያዘለችው በነጠላ ተሸፋፍኗል። እንቅስቃሴ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ቲቸር ደንግጣ ቀረበች።

"ይኼ የማን ልጅ ነው?"

"የአክስቴ" አለች ልጅቷ መሬት መሬት እያየች።

ቲቸር የነጠላውን ጫፍ ቀስ አድርጋ ገለጠችው። እኔም ከኋላዋ ተንጠራርቼ አየሁ። ጥሩ ዱባ ነው፤ ቢጫ፣ የበሰለ፣ ክብደቱ የወንድሜን ግማሽ የሚሆን። አንድ ሰው በከሰል ዐይንና አፍ ስሎለታል።

የልጅቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ቲቸር ነጠላውን መልሳ ሸፈነችውና በጥንቃቄ አጠበቀችላት። "ግቢ" አለቻት። "ግን አንገቱን ደግፊው።"